በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ገመናን መጠበቅ

«ቲቸር፣ እዚህ የምጽፈውን ማን ነው የሚያየው?»

ይህ ጥያቄ በኮምፒዩተር ክፍላችን ውስጥ ሳይጠየቅ የቀረበት ሳምንት የለም። አንዳንዱ ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ቀስ ብሎ ጆሯችን ላይ ይጠይቃል። እኛም ለብዙ ጊዜ «ማንም አያይም፣ አይዞህ» እያልን ነበር የምንመልሰው። መልሱ ልክ አልነበረም፤ ልክ አለመሆኑን ያወቅነውም በክፉ መንገድ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ የስኮላርሺፕ ፎርም ለመሙላት የምትመጣ አንዲት ተማሪ ነበረችን። አገር ቤት ካለው ወንድሟ ጋር የምትጻጻፈውም በዚያው ኮምፒዩተር ነው። አንድ ቀን ጀኔሬተሩ ድንገት ጠፋና ሁሉም ተነስቶ ወጣ። መብራት ሲመለስ እሷ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነበር። ብሮውዘሩን ሲከፍት የልጅቷ ኢሜይል እንዳለ ተከፈተለት። ዘግቶ የራሱን ሥራ መሥራት ይችል ነበር፤ አልዘጋም፣ ቁጭ ብሎ አነበበ። በሦስተኛው ቀን ወንድሟ ስለ ቤታቸው ጉዳይ የጻፈላት ነገር በብሎኩ ውስጥ የቡና ወሬ ሆነ። ልጅቷ ሁለት ወር ያህል ክፍላችንን አልረገጠችም። በመሃሉ የአንዱ ስኮላርሺፕ ቀን አለፈባት።

ሰውየውን ሁሉም ረገመው። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው ግማሹ ጥፋት የኛ ሆኖ አገኘነው። ብሮውዘሩ ፓስዎርድ እንዲያስታውስ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም የነበረውን ገጽ መልሶ እንዲከፍት ያደረግነው እኛው ነን፤ «ጊዜ ይቆጥባል» ብለን።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘነውን ስናነብ፣ ስንሞክር፣ ስንሳሳትም ቆይተናል። ኢንጂነሮች አይደለንም። ከመካከላችን ኮምፒዩተር የተማረ ቢኖር ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን አቋርጦ የተሰደደ ነው። ይሁን እንጂ የምናውቀውን ያህል ለካኩማ መምህራንና ተማሪዎች በሚገባ ቋንቋ ለመጻፍ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ነገሮችን አንለይም

ሰው ሲጠይቀን «ድብቅ ሆኜ ልጠቀም» ይላል። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ቤትህ ገብተህ በሩን ብትዘጋ ያ ቤት የማን እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ውስጥ የምታደርገውን ግን አያይም። ይህ ገመናን መጠበቅ ነው። የራሽን ሰልፍ ላይ በማያውቁህ ሰዎች መካከል ብትቆም ደግሞ ሁሉም ያይሃል፤ ማን እንደሆንክ ግን የሚያውቅ የለም። ይህ ማንነትን አለማሳወቅ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ለስኮላርሺፕ የሚያመለክት ተማሪ ስሙን መደበቅ አይፈልግም፣ እንዲያውም ስሙን በትክክል መጻፍ አለበት፤ የሚያስፈልገው የተዘጋ በር ነው። ስለ አንድ በሽታ፣ ወይም አገር ቤት ስለሆነ ነገር ማንበብ የፈለገ ሰው ግን ማን እንዳነበበ ባይታወቅ ይመርጣል። ከመጀመራችን በፊት የቱን እንደምንፈልግ ራሳችንን ብንጠይቅ ብዙ ድካም ይቀንስልናል።

ሌላም ነገር አለ። ጀሪካን ሦስት ቦታ ቢቀደድ አንዱን ቀዳዳ ብቻ ደፍኖ ውሃ መቅዳት አይቻልም። በኮምፒዩተርም ወሬ የሚያፈሱ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ፤ ማሽኑ፣ መስመሩና ራሳችን።

የመጀመሪያው ቀዳዳ፤ ማሽኑ

ብሮውዘር ማስታወሻ የሚይዝ ጸሐፊ ነው። የጎበኘነውን ገጽ ስም በሂስትሪ ይመዘግባል፤ ያየነውን ፎቶ ለሚቀጥለው ጊዜ ያስቀምጣል፤ ኩኪ የሚባሉ ትንንሽ ፋይሎችን ከየድረ ገጹ እየተቀበለ ይይዛል። ኢሜይላችንን ከፍተን ሎግ አውት ሳናደርግ ብንነሳ የሚቀጥለውን ሰው እንደ እኛ ቆጥሮ የሚያስገባው ይኸው ኩኪ ነው። ተማሪያችንን የጎዳትም ይህ ነው።

ለዚህ ቀዳዳ የተሠራ መድፈኛ አለ፤ የግል መስኮት ይባላል። በፋየርፎክስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ፒ» አንድ ላይ ሲነኩ፣ በክሮም ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ኤን» ሲነኩ ይከፈታል። በዚህ መስኮት የተሠራ ነገር መስኮቱ ሲዘጋ ከብሮውዘሩ ማስታወሻ ይጠፋል። ዳውንሎድ የተደረገ ፋይል ግን አይጠፋም! የሕክምና ወረቀቱን አውርዶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ወረቀቱን ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ትቶት የሄደ ሰው አይተናል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። የግል መስኮት የሚደብቀን ከኛ በኋላ ወንበሩ ላይ ከሚቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ከመስመሩ ባለቤት አይደብቀንም፤ ከምንጎበኘው ድረ ገጽም አይደብቀንም። ጎግል በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሶ ነበር፤ ሰዎች በክሮም የግል መስኮት ውስጥ ሆነው እንኳን መረጃቸው ይሰበሰብ ነበር በሚል። በ2024 ስምምነት ሲደረስ ኩባንያው በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለመደምሰስ ተስማማ። የመስኮቱ መግቢያ ላይ የተጻፈውን ትንሽ ጽሑፍ ያነበበ ሰው አይገርመውም፣ ግን ማን ያነባል?

እኛ በክፍላችን ያደረግነውን እንንገራችሁ፤ ሌላም ክፍል ሊያደርገው ይችላል። በመጀመሪያ የመምህሩንና የተማሪውን መግቢያ ለየን። በተማሪው መግቢያ ፕሮግራም መጫን አይቻልም። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ኪቦርድ ላይ የተነካውን ሁሉ እየመዘገበ የሚልክ ክፉ ፕሮግራም ማሽኑ ላይ ካለ ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ፓስዎርዱ ገና ሲጻፍ ተሰርቋልና። ቀጥለን በፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ፓስዎርድ ማስታወሱን አጠፋን፣ የቀድሞውን ገጽ መልሶ መክፈቱን አጠፋን፣ ብሮውዘሩ በተዘጋ ቁጥር ሂስትሪውንና ኩኪውን እንዲደመስስ አዘዝን። እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ኤችቲቲፒኤስ ብቻ የሚለውንም አበራን፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ከዚያ የዊንዶውስ ጉዳይ መጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን የጥገና ድጋፍ በጥር 2020፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 አቁሟል። ጥገና የማይደረግለት ዊንዶውስ በሩ የላላ ቤት ነው። በእርዳታ የሚመጡልን ኮምፒዩተሮች ደግሞ አሮጌ ስለሆኑ አዲሱን ዊንዶውስ 11 አይቀበሉም። ስለዚህ ሁለቱን ወደ ሊኑክስ ሚንት ቀየርናቸው። ነጻ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይሮጣል፤ በተለይ የወደድንለት ነገር የእንግዳ መግቢያ የሚባለው ነው። እንግዳው ሎግ አውት ሲያደርግ የሠራው ሁሉ ከነፎልደሩ ይጠፋል። ተማሪዎች መጀመሪያ «ይሄ ምንድነው፣ ዊንዶውስ ይመለስልን» ብለው አጉረመረሙ። በሁለት ሳምንት ለመዱት።

ሁለተኛው ቀዳዳ፤ መስመሩ

ማሽኑን እንደ ንጹሕ ሳህን ብናጥበውም ጥያቄያችን ከክፍሉ ሲወጣ በብዙ እጅ ያልፋል። መጀመሪያ በክፍሉ ራውተር፣ ቀጥሎ በኢንተርኔት አቅራቢው ኩባንያ፣ በመጨረሻ የምንጎበኘው ድረ ገጽ ሰርቨር ላይ ይደርሳል። እያንዳንዱ ጥያቄ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ይዞ ይጓዛል፤ መልሱ የሚመለሰው በዚያ አድራሻ ስለሆነ የግድ ነው። በስልክ የምንጠቀም ከሆነ ደግሞ ሲም ካርዱ የሆነ ሰው ስም ላይ ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ ነው ኤችቲቲፒኤስ የሚባለው የሚገባው። የድረ ገጹ አድራሻ በዚህ ሲጀምር በእኛና በድረ ገጹ መካከል የሚሄደው ጽሑፍ ታሽጎ ይሄዳል። የመስመሩ ባለቤት ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሄድን ያያል፤ እዚያ ውስጥ ያነበብነውን ገጽና የጻፍነውን ፓስዎርድ ግን አያይም። ያለ እሱ ግን ሁሉም ክፍት ነው፣ እንደ ፖስት ካርድ።

ብዙ ወጣቶች «እኔ ቪፒኤን አለኝ» ይሉናል። ቪፒኤን ፖስታችንን ለአንድ መልእክተኛ መስጠት ማለት ነው። የመስመሩ ባለቤት መልእክተኛውን ብቻ ያያል፤ መልእክተኛው ግን እኛንም የምንሄድበትንም ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄው «መልእክተኛው ማነው?» ነው። ፌስቡክ በ2013 የገዛው ኦናቮ የሚባል ነጻ ቪፒኤን ነበር። «ይጠብቅሃል» እየተባለ የታደለው ይህ አፕሊኬሽን ሰዎች ስልካቸው ላይ ምን እንደሚጠቀሙ ለኩባንያው ሲሰበስብ ቆይቶ በ2019 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በነጻ የሚሰጥ ቪፒኤን ስናይ «ታዲያ ደመወዙን ማን ይከፍለዋል?» ብለን እንጠይቃለን።

ቶር ከዚህ የሚለየው አንድ መልእክተኛ ባለማመኑ ነው። በምሳሌ እናስረዳ። ሞምባሳ ላለ ባለ ሱቅ ደብዳቤ መላክ ፈለግን እንበል፤ ላኪው ማን እንደሆነ ግን በመንገድ ላይ ያለ ሰው እንዲያውቅ አልፈለግንም። ደብዳቤውን በሦስት ፖስታ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርገን እናሽጋለን። የውጪውን ሎድዋር ላለው ሰው እንልካለን። እሱ ሲከፍተው ውስጡ ሌላ የታሸገ ፖስታ ያገኛል፤ ላዩ ላይ «ለኪታሌው ስጥ» ይላል። የኪታሌው ሲከፍት «ለናይሮቢው ስጥ» የሚል ያገኛል። የናይሮቢው የመጨረሻውን ከፍቶ ደብዳቤውን ለሞምባሳው ያደርሳል። እያንዳንዱን ፖስታ ከተጻፈለት ሰው በቀር ማንም ሊከፍተው አይችልም። አሁን ተመልከቱ፤ የሎድዋሩ ሰው ከካኩማ እንደመጣ ያውቃል፣ የት እንደሚደርስ አያውቅም። የናይሮቢው የት እንደሚደርስ ያውቃል፣ ከየት እንደመጣ አያውቅም። የኪታሌው ሁለቱንም አያውቅም። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

የቶር ስም የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ፖስታው እንደ ሽንኩርት ቆዳ አንድ በአንድ ስለሚላጥ በእንግሊዝኛ የሽንኩርት መንገድ ብለውት ነበር። ሐሳቡ የተወለደው በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ በ2002 ለሕዝብ ወጣ፤ ከ2006 ጀምሮ የሚይዘው ቶር ፕሮጀክት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። «የወታደር ሥራ እንዴት ይታመናል?» ብሎ የጠየቀን ተማሪ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ ባሕር ኃይሉ ብቻውን ቢጠቀምበት ኖሮ በመስመሩ ያለፈ ሁሉ የባሕር ኃይል ሰው መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ለመደበቅ ብዙ ዓይነት ሰው መቀላቀል አለበት። ዛሬ ጣቢያዎቹን የሚያቆሙት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በሺዎች ይቆጠራሉ። የፕሮግራሙም ኮድ ማንም እንዲያየው ክፍት ነው።

ከምሳሌው አንድ ነገር እንዳይረሳ። የናይሮቢው ሰው የመጨረሻውን ፖስታ ስለሚከፍት ደብዳቤው ራሱ ካልታሸገ ያነበዋል። በቶርም ቢሆን ኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አጫጫኑ

ብዙ ሰው ከባድ ይመስለዋል እንጂ ይህ ክፍል አጭር ነው። ቶር ብሮውዘር ከፋየርፎክስ የተሠራ ስለሆነ መልኩ ያንኑ ይመስላል። ከቶር ፕሮጀክት ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ይወርዳል፤ ሰው በፍላሽ ከሰጠን ወይም ከሌላ ድረ ገጽ ካገኘነው አንቀበልም፤ የተመረዘ ሊሆን ይችላል። ፋይሉ ወደ 100 ሜጋባይት ገደማ ነው። ባንድል ውድ ስለሆነ አንድ መምህር አንድ ጊዜ ያወርደዋል፣ ከፋይሉ ጋር የሚወርደውን ዲጂታል ፊርማ ያመሳክራል፣ ከዚያ በንጹሕ ፍላሽ ወደሌሎቹ ይገለብጣል። ፊርማውን ማመሳከር መጀመሪያ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል፤ ከተለመደ በኋላ አምስት ደቂቃ ነው።

ከተከፈተ በኋላ «ኮኔክት» የሚለውን መንካት ነው፤ በኛ መስመር አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። አንዳንድ አገር ቶር ይዘጋል፤ ለዚያ ድልድይ የሚባሉ ያልተመዘገቡ መግቢያዎች አሉ፣ በሴቲንግ ውስጥ ይመረጣሉ። ኬንያ ውስጥ አላስፈለገንም። ሴቲንግ ውስጥ የደህንነት ደረጃም አለ፤ መካከለኛው ላይ ብናደርገው አንዳንድ አደገኛ ነገሮችን ይዘጋል፣ አንዳንድ ገጽም ይበላሽበታል። ሌላ መለዋወጥ አያስፈልግም። በተለይ ተጨማሪ ማራዘሚያ ፕሮግራም አትጫኑበት።

ለምን አትጫኑ እንዳልን እንንገራችሁ። ድረ ገጾች አይፒውን ባያውቁም ብሮውዘሩን በመልኩ ይለዩታል፤ የስክሪኑ ስፋት፣ የተጫኑት ፊደሎች፣ ሰዓቱ፣ ማራዘሚያዎቹ ተደምረው እንደ ጣት አሻራ ይሆናሉ። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2010 ባወጣው ጥናት፣ ከተመረመሩት ብሮውዘሮች 83.6 በመቶው ከሌላው ሁሉ የሚለይ አሻራ ነበራቸው። ቶር ብሮውዘር የሚያደርገው የሁሉንም ተጠቃሚ መልክ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው፣ እንደ ዩኒፎርም። ዩኒፎርሙ ላይ አበባ የሰካ ተማሪ ከሩቅ ይታወቃል።

ሎግ አውት የሚያክል ሌላ ቁልፍም አለው፤ የመጥረጊያ ምልክት ያለበት። ሲነካ ገጾቹን ሁሉ ዘግቶ፣ ኩኪውን ጥሎ፣ በአዲስ መንገድ ይጀምራል። ከአንድ ሥራ ወደሌላ ስንሻገር እንጠቀምበታለን። በአንድሮይድ ስልክ ለምትጠቀሙ ከ2019 ጀምሮ የስልክም አለው።

ሦስተኛው ቀዳዳ፤ ራሳችን

ይህን ቀዳዳ የሚደፍን ፕሮግራም የለም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ቶር ከፍቶ በስሙ ፌስቡክ የገባ ሰው ለፌስቡክ ማንነቱን ነግሮታል። ይህን ስንናገር ሁሉም ይስቃል፤ ሲሠራ ግን ሁሉም ያደርገዋል። አንድ ላይ የማይሄዱ ሁለት ሥራዎችን በአንድ መስኮት አትሥሩ።

ሁለተኛው ብቸኝነት ነው። በታኅሣሥ 2013 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ ፈተና ሊያመልጥ ብሎ «ቦምብ ተቀምጧል» የሚል የውሸት ኢሜይል ላከ። በቶር ነው የላከው፣ ኢሜይሉም ስም የለሽ ነበር። ፖሊስ ኢሜይሉ በቶር መምጣቱን አየ፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በዚያ ሰዓት በግቢው መስመር ቶርን የተጠቀመው ማን እንደሆነ ከመዝገቡ አወጣ። ጠሩት፣ አመነ። ልጁ ያደረገው ወንጀል ነው፤ መያዙም ተገቢ ነው። ለኛ ግን ትምህርት አለው፤ ቶር ምን እንደምንሠራ ይደብቃል፣ ቶር እየተጠቀምን መሆናችንን ግን የመስመሩ ባለቤት ያያል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቶር ከከፈተ ያ ሰው በጣት ይጠቆማል። ስለዚህ ነው በክፍላችን ቶርን የ«ምስጢረኛ ሰዎች» ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ያላደረግነው። ዊኪፔዲያ የሚያነበውም ይከፍተዋል።

ሦስተኛው መታለል ነው። ፖለቲካ ልንጽፍ አይደለም የተነሳነው፣ ነገር ግን ይህን መዝለል አይቻልም፤ ብዙዎቻችንን ይነካልና። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በመጋቢት 2013፣ በየካቲት 2014ና በታኅሣሥ 2017 ባወጣቸው ዘገባዎች በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኮምፒዩተር ውስጥ ሊገባ የተላከ የስለላ ፕሮግራም አግኝቷል። የተላከው እንዴት ነው? መስመር በመጥለፍ አይደለም። በ2013ቱ ላይ ፕሮግራሙ የተቃዋሚ ሰዎች ፎቶ በማስመሰል ተሸፍኖ ነበር። በ2017ቱ ላይ ደግሞ ታዋቂ የቪዲዮ ድረ ገጽ የሚመስል አስመሳይ ገጽ ተሠርቶ፣ «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርህን አዲስ አድርግ» ይላል፤ ሰውየው በገዛ እጁ ይጭነዋል። ቶርም፣ የግል መስኮትም ከዚህ አያድንም። ፍላሽ ፕሌየር በ2020 መጨረሻ ላይ ከነአካቴው ቀርቷል፤ ስለዚህ ዛሬ «ፍላሽ ፕሌየር አድስ» የሚል ገጽ ብታዩ ያለ ጥርጥር ውሸት ነው፣ ዝጉት። ያልጠበቃችሁትን ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ላኪውን ደውላችሁ ጠይቁ። በቶር ያወረዳችሁትን ሰነድም ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ አትክፈቱ፤ አንዳንድ ሰነድ ሲከፈት በስውር መስመር ላይ ወጥቶ እውነተኛውን አድራሻችንን ይናገራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን በሌላ በኩል ያለው ሰው ነው። እኛ እዚህ ሦስት ፖስታ ብናሽግ ደብዳቤው የሚያርፈው በወንድማችን ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩን የያዘ ሁሉ ያነበዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በግንቦት 2012 የአገሪቱ መስመር ቶርን በመልኩ እየለየ መዝጋት ጀምሮ እንደነበር ቶር ፕሮጀክት ራሱ አስታውቋል። በሚያዝያ 2014 የታሰሩት የዞን 9 ጦማሪዎች ክስ ውስጥ ደግሞ መረጃን የማሸግ ስልጠና መውሰዳቸው ተጠቅሶ ነበር። በጥቅምት 2015 ፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነጻ አድርጓቸዋል፤ እስከዚያ ግን ብዙዎቹ ዓመት ከመንፈቅ ታስረዋል። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። አንዳንድ ተማሪዎች «ለቤተሰቦቼ ቶር ጫኑ ብዬ ልጻፍላቸው?» ስለሚሉን ነው። መልሳችን፣ እነሱ ያሉበትን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ከዚህ ሆናችሁ አታዙ የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሻለው ሊነበብ የማይገባውን ነገር ጭራሽ አለመጻፍ ነው።

መቼ አይጠቅምም?

ቶር ቀርፋፋ ነው፤ መልእክቱ በሦስት ጣቢያ ዞሮ ስለሚመጣ የግድ ነው። ቪዲዮ ለማየት አይሆንም። የኢሜይል ድርጅቶችም ግራ ይጋባሉ፤ ትናንት ከኬንያ የገባ ሰው ዛሬ ከጀርመን፣ ከሰዓት ከሮማኒያ ሲገባ ሌባ መስሏቸው ይቆልፉበታል። አንድ መምህር ባልደረባችን በዚህ የተነሳ ኢሜይሉን ለማስከፈት ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል፤ ያውም ኮርሱ ሊዘጋበት ሲል። ስለዚህ የስኮላርሺፕ ፎርም፣ የኦንላይን ትምህርት፣ በስማችሁ ያለ ማንኛውም ጉዳይ በተራው ብሮውዘር ይሠራ። እዚያ የሚያስፈልገው የግል መስኮት፣ ኤችቲቲፒኤስና በደንብ ሎግ አውት ማድረግ ነው፤ ከዚህ ላይ ኢሜይሉን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ብትቆልፉት ፓስዎርዱን ያየ ሰው እንኳን አይገባም። ቶርን ለማንበብና ለመጠየቅ አቆዩት።

መምህራን ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለን። ከተማሪ ጀርባ ቆሞ ስክሪን ማየት ልማዳችን ነው፤ ሥርዓት ለማስከበር ብለን እናደርገዋለን። እኛ ስክሪኖቹን ወደ ግድግዳ ማዞሩን ትተን ከበሩ ብቻ እንዳይታዩ አድርገን አስቀመጥናቸው፣ በየሁለቱ መካከልም የካርቶን መከለያ አቆምን። ሕጻናት የሚጠቀሙበት ሰዓት ግን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ መከለያው ይነሳል፣ መምህርም አብሮ ይቀመጣል።

ልጅቷ ተመልሳለች። አሁን የምትቀመጠው ሊኑክሱ ላይ ነው፤ ስትወጣ ሎግ አውት ማድረጓን ሁለቴ ታያለች፣ አንዳንዴም ተመልሳ መጥታ ታያለች። ቶር ብሮውዘርን በራሱ ፍላሽ ላይ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ባዶ ፍላሽ ይዞ ይምጣ፤ 1 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ይበቃል። መጀመሪያ ፍላሹን በቫይረስ ማጽጃ እናየዋለን፣ ከዚያ የተመሳከረውን ቅጂ እንገለብጥለታለን። ጀኔሬተሩ ሲጠፋ ግን እንደ ድሮው ተነስታችሁ አትውጡ፤ መብራት እስኪመጣ ጠብቃችሁ ዝጉ፣ ወይም ተረኛውን መምህር ንገሩ፣ ማሽኑን እኛ እንዘጋዋለን።